ባይመጣም ተነሺ

ከፖስታ ቤት ማዶ፣ ቀለሙ የላጠ ሰማያዊ በራፍ፣
ከሰዓት ሠሪው ጎን፣ ከመደብሮቹ ጫፍ፣
የእኛ ፎቶ ቤት ነው።

ማሽኗን የገጠማት ወንድሜ አዛናው ነው፤
ከሦስት የሞቱ ኮምፒውተሮች ነፍስ እየለቀመ የሠራት እሱ ነው፤
ፈቃድ የማይገዙለት፣ ቁልፍ ያልተበጀለት፣
ያሻው የሚያርመው፣ ያሻው የሚያይበት፣
ሊኑክስ የጫነባት።

ሁለት ዲስክ አላት።
በአንደኛው ትነሣለች፤ በሌላው ሙሽሮች፣
የአሥራ አንድ ዓመት ጥር፣ ቬሎና ካባዎች፣
ከግንቡ ሥር ቆሞ፣ "ፈገግ በል" ሲሉት
ፍርድ ቤት የቀረበ የሚመስል ወጣት፤
ሁሉም እዚያ አሉ።

ሁለተኛው ዲስክ ግን በራሱ አይመጣም።
አዛናው በየጧቱ፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ ወንበርም አይስብም፣
በአንድ እጁ ሻይ ይዞ፣ በአንዱ ይጽፍና
"ጫን!" ይላታል፤ ያኔ
እንደ ለመደች በቅሎ ጀርባዋን ታቀና፣
ጥሩ በሙሉ ይጫናል።
ምን ብለህ ነው ያዘዝካት? አላልኩትም አንድ ቀን፤ እጁ ቤት ውስጥ ሳለ ቃሉን ማን ያጠናል?

ኅዳር ሲገባ፣ "ሰሊጥ ጭኜ ልምጣ" ብሎ ወደ መተማ
ሄደ። ስልኩን ስመታ፣ የማላውቃት ሴት ድምፅ ነው የሚሰማ፤
"የደወሉላቸው ደንበኛ…" ትላለች።
ደንበኛ አልጠራሁም፤ ወንድሜን ነው እንጂ።

ጥር ሆነ። ወይዘሮ ስንዱ ለልጃቸው አልበም ቆመው ከደጃፌ፣
ማሽኗን ቀሰቀስኳት፣ በስመ አብ ብዬ በአፌ።
ማኅደሩ በስሙ አለ፤ ስከፍተው ግን ባዶ፣
እንደ ተነጠፈ አልጋ፣
የሚተኛበቱ የቀረ ከማዶ።

ይርሳውን አስጠራሁ፤ ማራኪ ግቢ ነው፣ ሦስተኛ ዓመት፤
አየ፣ አየና፣ "እትዬ ውብርስት፣
ዲስኩስ አልጠፋም፤ ጠሪው ነው የጠፋ" አለኝ።
አለኝ እንጂ፣ ምን እንዳለኝ አላወቀም።

"ስትነሣ የምታነበው አንድ መዝገብ አላት፤
ማን የት እንደሚቀመጥ፣ እንደ ሠርግ ቤት ወንበር፣ ተጽፎ ያለባት።
እስቲ ስሙን በዪኝ።"
"ኤስዲቢ" አልኩት፣ ማያው ላይ አይቼ።
ራሱን ነቀነቀ። "እሱማ የሰፈር ስም ነው፤
ፍላሽ ቀድማ ከገባች ትወስድበታለች፣ ነገ ሌላ ነው።
የክርስትና ስሙን ጻፊ፤ እሱ አይለወጥም።"
ረጅም ቁጥርና ፊደል፣ በሰረዝ የታሰረ፣
እሱ እያነበበ እኔ ስጽፍ፣ ሐሳቤ ተሰወረ፤
የአዛናው የክርስትና ስም መጣብኝ፣
ቄስ በሚጠይቁበት ቀን ብቻ የሚነሣው።
ቶሎ ብዬ ረሳሁት። አንድ ፊደል ግን ሳትኩ።

ማሽኗ ጠቆረች። ቀይ ኮከብ ወዲህ ወዲያ እየተመላለሰ፣
ዘጠና ሰከንድ ጠበቀች፤ የጠራችው አልደረሰ፤
ከዚያ እምቢ አለች። ለአንድ እንግዳ ብላ ቤቱን ሁሉ ዘጋች።
እናቴን አየኋት፤ ቀሃ ታች፣
ከኅዳር ጀምራ በር ሳትቆልፍ የምታነጋውን።

ይርሳው ፊደሏን አቃና፤ ከመስመሩ ጫፍ ላይ አንዲት ቃል አከለ፤
"ኖፌይል።"
"ምንድን ናት?"
"ባይመጣም ተነሺ፣ ማለት ናት" አለ።
"ከመጣ ቦታው አለ፤ ከቀረም ሥራሽን ትሠሪ።"
ዝም አልኩ።
ያልገባኝ መስሎት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመልኝ።

አሁን ጧት ቁልፏን ስነካት፣ ሻይ የያዘ እጅ ሳይኖር፣
ሙሽሮቹ ከተፍ ይላሉ፤ ወይዘሮ ስንዱም ተገላገሉ።
ከአንድ የቆየ ጥር፣ ከሚዜዎቹ ኋላ፣ በመኪና መስታወት፣
ካሜራ ፊቱን የሸፈነው ሰው አለ፤
በጃኬቱ ነው ያወቅሁት።

ማታ ቀሃ ወረድኩ። "በሩን ተይው" አለች እናቴ።
"ባይመጣም…" ብዬ ጀመርኩ፤ ከዚያ ተያዘ አንደበቴ።
ቆለፍኩት።
ትርፏን ቁልፍ ግን፣ ደጅ ወጥቼ፣
ከድንጋዩ ሥር አኖርኳት፣ እሱ በሚያውቀው ቦታ።